ግማሽ መንገድ እየተመለሰች የምትሄድ መርፌ

በአርሲዋ ኦጎልቾ ከተማ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። አሰላ ላይ ጋቢ የሚያስደርበው አየር ከጭላሎ ተራራ ወገብ ወርዶ ዝዋይ ዱግዳ ሜዳ ላይ ሲደርስ ብርዱን ጥሎ ነው። መንገዱ ላይ የአህያ ጋሪዎች አቧራ እያስነሱ ያልፋሉ፤ ባጃጆች በመካከላቸው ይሹለከለካሉ። ከመንገዱ ፈቀቅ ያለ ቤት በረንዳ ላይ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከአክስቷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቁራጭ አቡጀዲ ጭኗ ላይ ዘርግታለች። አቡጀዲው ላይ በእርሳስ የስንዴ ዛላ ተሥሏል፤ ትንሽ ጎበጥ ያለ አገዳ፣ ሁለት ቅጠል፣ ከላይ ፍሬና ጢም።

«ክሩን ወደ ታች አድርጊና በአውራ ጣትሽ ያዢው» ትላታለች አክስቷ። «አዎ፣ እንደሱ። አሁን መርፌዋን ወደፊት ወስደሽ አስገቢና ግማሽ መንገድ መልሰሽ አውጪያት።»

«አዳዳ፣ ለምን እመለሳለሁ? ዝም ብዬ ወደፊት ብሄድስ?»

«ወደፊት ብቻ ከሄድሽ መስመርሽ ይቆራረጣል። ሞክሪውና እዪው።»

ልጅቷ ሞከረችው። አራት አምስት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጋ ጨርቁን ቀና አደረገችው። በእያንዳንዱ ስፌት መካከል የእርሳሱ መስመር ራቁቱን ቀርቷል። ምንም ሳትናገር ፈታችውና አክስቷ እንዳለቻት ግማሽ እየተመለሰች ጀመረች። አሁን ክሩ ክሩን ተደግፎ አገዳው ሳይቋረጥ ወደ ላይ መውጣት ያዘ።

አክስቲቱ የስንዴ ዛላ የመረጠችው በአካባቢው ልማድ ይመስላል። ኦጎልቾ የሚለውን ስም ከአርሲ ውጭ ያለ ብዙ ገበሬ የሚያውቀው በስንዴ ነው፤ አሰላ አጠገብ ካለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 የተለቀቀ አንድ የዳቦ ስንዴ ዝርያ በዚህች ከተማ ስም ይጠራል። ለጀማሪ ጠላፊም ከስንዴ የተሻለ ንድፍ አይገኝም። አገዳው ረጅምና ለስላሳ ነው፤ ቅጠሉ መታጠፍን ያስተምራል፤ ጢሙ ቀጭንና ቀጥ ያለ መስመር ይጠይቃል። ሦስቱንም የሚሠራቸው ደግሞ ይኸው አንድ ስፌት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው መስመር

የእጅ ጥልፍ ብዙ ዓይነት ስፌት አለው። ሰንሰለት እየሠራ የሚሄድ አለ፤ የአበባ ቅጠልን ጥቅጥቅ አድርጎ የሚሞላ አለ፤ ክር አስተኝቶ በሌላ ክር የሚያስር አለ። ኦጎልቾ በረንዳ ላይ ያየነው ግን የንድፍን ዳር ተከትሎ የሚጓዘው፣ የአበባን አገዳና የሐረግን ግንድ የሚያወጣው መሠረታዊ ስፌት ነው። እዚህ የመስመር ጥልፍ እንበለው። ይህን ሳያውቅ ወደ ሙሌት የሚዘል ሰው አበባው ጠርዙን አልፎ ይፈስበታል፤ ቅጠሉም መልክ ያጣል። ዳሩን አስተካክሎ የሚያወጣ ሰው ግን መሀሉን ባዶ ቢተወው እንኳ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላል።

ዕቃው ጥቂት ነው። በደንብ የታጠበ አቡጀዲ ወይም ሌላ ድርና ማጉ የተስተካከለ የጥጥ ጨርቅ፣ ዓይኗ ሰፋ ያለች መርፌ፣ የጥልፍ ክር፣ መቀስ፣ እርሳስ። ጨርቁን ማጠብ የሚያስፈልገው ከተጠለፈ በኋላ ሲታጠብ ተኮማትሮ ሥራውን እንዳያጨማድደው ነው። ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝ ክብ እንጨት ካለ እጅ ያርፋል፤ ከሌለ ግራ እጅ ይወጥረዋል። ንድፉን ከወረቀት ወደ ጨርቅ ለማስተላለፍ ካርቦን ወረቀት መሀል አስገብቶ በእርሳስ መከተል ይበቃል። የጥልፍ ክር ብዙውን ጊዜ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው የሚሸጥ ነው፤ ለጀማሪ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለይቶ መጠቀም ይመቻል። ርዝመቱ ከክንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ረጅም ክር ይቋጠራል፣ በየቀዳዳው ሲመላለስም ይላላል፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ሁለት ክንድ የሚያስገባ ሰው ቋጠሮ ሲፈታ ይውላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ይጓዛል። መርፌዋ ከጨርቁ ጀርባ ተነስታ መስመሩ በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ትወጣለች። ከዚያ መስመሩን ይዛ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ሄዳ ትገባለች፤ ነገር ግን ክሩ ገና አይሳብም። ጫፏ ወደ ግራ ተመልሶ፣ በወጣችበትና በገባችበት ነጥብ መካከል፣ እዚያው መስመሩ ላይ ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ክሩ ከመርፌዋ በታች መዋል አለበት፤ የግራ አውራ ጣት የሚይዘውም ለዚህ ነው። አሁን ይሳባል። ሁለተኛው ስፌት አሁን ከወጣችበት ነጥብ ተነስቶ አንድ ሙሉ ርዝመት ወደፊት ይሄዳል። ሲመለስ የሚወጣው ግን የመጀመሪያው ስፌት ባለቀበት ቀዳዳ ነው። ሦስተኛውም እንዲሁ፣ አራተኛውም እንዲሁ። እያንዳንዱ ስፌት የቀደመውን ግማሽ አቅፎ ስለሚሄድ መስመሩ የተገመደ ገመድ ይመስላል።

በግራ እጅ የሚሠራ ሰው ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ይጓዛል። ለሁለቱም የሚሠራው ሕግ አንድ ነው፤ ክሩ ከመርፌዋ በታች ከዋለ እስከ መጨረሻው በታች ይዋል፤ በላይ ከዋለም እስከ መጨረሻው በላይ። የጎኑ ምርጫ የመስመሩን መልክ ይወስናል። ክር ሲገመድ የተጠማዘዘበት አቅጣጫ አለው። ስፌቱ ከዚያ አቅጣጫ ጋር ሲስማማ መስመሩ ጎላ ብሎ ይነሳል፤ ሲቃረን ደግሞ ለስለስ ብሎ ይተኛል። ልምድ ያላቸው ጠላፊዎች ሁለቱንም ይፈልጓቸዋል፤ ለግንዱ ጎላ ያለውን፣ ለቅጠሉ ጅማት የተኛውን። ጀማሪ ግን መጀመሪያ አንዱን ይልመድ።

ጀርባው የሚናገረው

አክስቲቱ የልጅቷን ሥራ ስትመረምር ፊቱን ብዙም አላየችውም። ጨርቁን ገለበጠችው። በትክክል የተሠራ የመስመር ጥልፍ ጀርባው ላይ አጫጭር ስፌቶች ጫፍና ጫፋቸውን ገጥመው፣ ሳይደራረቡና ሳይራራቁ፣ በቀጭኑ ይሰለፋሉ። መርፌዋ ወደ ቀድሞው ቀዳዳ ሳትመለስ የቀረችበት ቦታ ካለ እዚያ ክፍተት ይታያል፤ አልፋ የተመለሰችበት ካለ ክሩ ይደራረባል። ፊቱ ላይ ዓይን ሊያልፈው የሚችለውን ስሕተት ጀርባው አይደብቅም።

«እዚህ ጋ ምን ሆንሽ?» አለቻት፣ አገዳው ወደ ቅጠሉ ሊታጠፍ ሲል ያለውን ቦታ በጥፍሯ እየነካች።

«መታጠፊያው አስቸገረኝ።»

«መታጠፊያ ላይ ርምጃሽን አሳጥሪ። ቀጥ ያለው ላይ የወሰድሽውን ያህል ከወሰድሽ ይሰበራል።»

ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍባቸው ሦስት ችግሮች አሉ፤ የመታጠፊያው ነገር አንደኛው ነው። ስፌት ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ ጠመዝማዛ መስመር የሚወጣው ከብዙ አጫጭር ቀጥታዎች ነው። መስመሩ በጎበጠ ቁጥር ስፌቱ ማጠር አለበት፤ ከአምስት ሚሊ ሜትር ወደ ሦስት፣ በጣም ጠባብ በሆነው ላይ ወደ ሁለት። ሁለተኛው መሳብ ነው። ክሩ በኃይል ሲሳብ ጨርቁ ይጨማደዳል፤ ሲላላ ደግሞ ስፌቱ እየተነሳ በጣት ይያዛል። ልኩ ክሩ ጨርቁ ላይ ሲያርፍና ጨርቁን ሳይጎትተው ሲቀር ነው፤ ይህንን ማንም በቃል ሊያስረዳ አይችልም፣ እጅ ነው የሚማረው። ሦስተኛው የክሩ ጎን መሳት ነው። አሥር ስፌት ክሩ በታች ውሎ አሥራ አንደኛው ላይ በላይ ከዋለ እዚያ ቦታ ላይ ገመዱ የተፈታ ይመስላል። ከሩቅ አይታይም፤ ለሠሪው ግን ሌላ ምንም አይታየውም።

ሥራው ሲያልቅ ቋጠሮ አያስፈልግም። መርፌዋን በጀርባው ባሉት ስፌቶች ሥር አራት አምስት ጊዜ አሳልፎ ክሩን መቁረጥ ይበቃል። ቋጠሮ ሲተኮስ በፊት በኩል ጉብ ብሎ ይወጣል፤ ሲታጠብም ሊፈታ ይችላል።

ሙያ በልብ ነው ይላሉ አባቶች። ልቡን ወደ እጅ የሚያወርደው ግን ድግግሞሽ ነው። የመስመር ጥልፍ ለዚህ ድግግሞሽ የተመቸ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል፣ ሲፈታም ጨርቁ አይጎዳም። ልጅቷ በዚያ ከሰዓት በኋላ አንዱን አገዳ ደጋግማ ስትፈታውና ስትሠራው አክስቷ አንድም ጊዜ መርፌዋን ተቀብላ አልሠራችላትም። ይህ ጥሩ መምህር የሚያደርገው ነገር ነው።

ብራና፣ ቆዳ፣ ሐር

መስመርን ማስቀደም የጥልፍ ብቻ አይደለም። ከኦጎልቾ ወደ ምዕራብ የዝዋይ ሐይቅ አለ። ከደሴቶቹ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለው የማርያም ጽዮን ገዳም የጥንት የብራና መጻሕፍትን ጠብቆ በማቆየት የታወቀ ነው። የብራና ሐረግ የሚሥል ጸሐፊ መጀመሪያ የሚያወጣው ዙሪያውን ነው፤ ቀለሙ የሚገባው መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ጠላፊ በክር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሐበሻ ቀሚስ ደረት ላይ የሚወርደው ሐረግና መስቀል በብራና ላይ ካለው ሐረግ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አይስተውም።

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ማስጌጥ ከጨርቅ በፊት በቆዳ ላይ ነበር። ሴቶች የቆዳ ልብሳቸውን በጨሌና በዛጎል ያስውቡ ነበር፤ የወተት ዕቃውም እንዲሁ ዛጎል ይደረደርበታል። ጨሌው የሚሰለፈው የቆዳውን ጠርዝ፣ የዕቃውን አንገት ተከትሎ ነው። ዳርን ማክበር እዚህ አገር አዲስ ትምህርት አይደለም። ዛሬ ለኢሬቻ በሚለበሰው ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ልብስ ላይ የኦዳ ዛፍ ሲጠለፍ ቅርንጫፎቹን ለመሥራት ከመስመር ጥልፍ የተሻለ አይገኝም፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጎበጥ ያለ መስመር ነውና።

ሐረር ላይ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ ግን የሐረሪ ሴቶች ባህላዊ ሱሪ እግሩ ጫፍ ላይ በጥልፍ ያጌጠ ነው። መኪናውና እጁ ጎን ለጎን መኖር እንደሚችሉ ከሐረር የተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለም።

ከኢትዮጵያ ርቆ የሄደ አንድ የጥልፍ ቀሚስ ግን ለንደን ነው ያለው። የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤትና የልዑል ዓለማየሁ እናት እቴጌ ጥሩወርቅ፣ መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ በመንገድ ላይ አረፈች፤ የተቀበረችው ጨለቆት ሥላሴ ነው። በሐር ክር የተጠለፈው የጥጥ ቀሚሷ ግን ባሕር ተሻግሮ ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሙዚየሙ የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስመልክቶ ባዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ለሕዝብ ከታዩት ቅርሶች አንዱ ይህ ቀሚስ ነበር። ቀሚሱ የማን እንደነበረ ይታወቃል። እንዴት እንደሄደም ይታወቃል። በዚያ ሐር ላይ ለስንት ቀናት ያጎነበሰው ጠላፊ ስም ግን ከቀሚሱ ጋር አልተጓዘም።

በሌላው ዓለምም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በፔሩ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ፣ ፓራካስ በተባለ በረሃማ ቦታ፣ የቁፋሮ ባለሙያው ሁሊዮ ቴዮ እ.ኤ.አ. በ1927 ከ400 በላይ የተጠቀለሉ የጥንት አስከሬኖች ያሉበት መቃብር አገኘ። ከጥቅሎቹ ውስጥ የወጡት ካባዎች ሁለት ሺህ ዓመት ያህል አልፏቸዋል፤ በካባዎቹ ላይ ያለው የጥልፍ ስፌት ግን ኦጎልቾ ያለችው ልጅ የተማረችው ራሱ ነው። ያኛው አገር ጠላፊዎች በዚህ ስፌት ዳሩን ብቻ አላወጡም፤ ረድፍ በረድፍ እያስጠጉ መሀሉንም ሞሉበት። ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው በባዮ ከተማ ስም የሚጠራው የ11ኛው መቶ ዘመን ታላቅ ጥልፍ ደግሞ 70 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን እንዴት እንደያዘ በሱፍ ክር በተልባ እግር ጨርቅ ላይ ይተርካል። የፈረሶቹ ዙሪያ፣ የመርከቦቹ ቅርጽ፣ ከሥዕሎቹ በላይ ያሉት ፊደላት የተሠሩት በመስመር ጥልፍ ነው። በዚህ ሁሉ ሥራ ላይም የአንድም ጠላፊ ስም አልተጻፈም።

እጅ ምን ያህል ያወጣል?

ዛሬ አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ የሄደ ሰው ሦስት ዓይነት ጥልፍ ያገኛል፤ የእጅ፣ የመኪናና የኮምፒውተር። የመኪና ጥልፍ ሠሪው ፔዳል እየረገጠ ጨርቁን በእጁ እየመራ የሚሠራው ነው፤ የራሱ ከፍ ያለ ሙያ አለው። የኮምፒውተር ጥልፍ ንድፉ አንዴ ከገባለት ተመሳሳይ ቀሚስ ያለ ድካም ያወጣል። ከሁለቱም ጋር በዋጋና በፍጥነት መወዳደር ለእጅ ጠላፊ አይቻልም፤ ሳምንታት የወሰደ ሥራ በሰዓታት ከወጣ ሥራ አጠገብ ይሰቀላልና።

በዚህም ምክንያት የእጅ ጥልፍ ያለቀለት ነገር ነው የሚል ሰው ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ኮምፒውተሩ ሙሉ ክፍል፣ መብራትና ካፒታል ይፈልጋል። የእጅ ጥልፍ መርፌ፣ ክርና ጨርቅ ይበቃዋል፤ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ልጅ እያጠቡ፣ እህል እየጠበቁ፣ ሱቅ ተቀምጠው ይሠራል። ይህ ነገር የሥራ ዕድል ለጠበባቸው ሰዎች ምን ያህል እንደሚጠቅም በአገራችን የታየ ነው። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም፣ ታክመው የዳኑትም በእጅ ሥራ እንዲተዳደሩ አድርጓል፤ የእደ ጥበብ ክፍሉ በእጅ ጥልፍ በተሠሩ የትራስ ልብሶችና የግድግዳ ጌጦች ይታወቃል። ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት ሲጠባበቁ የነበሩ ቤተሰቦች ሴቶችም ለበዓል ማዕድ የሚሆኑ የዳቦ መሸፈኛዎችን እየጠለፉ ኑሯቸውን ደግፈዋል። ሁለቱም ቦታ ላይ የሠራው ሰው ትልቅ ማሽን አልነበረውም፤ የነበረው የሠለጠነ እጅ ነው።

እጅ ግን ሳይማር አይሠለጥንም። ድሮ በትምህርት ቤት የቤት አያያዝ ክፍለ ጊዜ ላይ መርፌ የያዙ እናቶች ዛሬም የሶፋና የጠረጴዛ ልብሳቸው ላይ ሥራቸው አለ። የእነሱ ልጆች ዳንቴሉንም ጥልፉንም ሱቅ ይገዛሉ። ይህ ማንንም የሚያስወቅስ አይደለም፤ የተማረች ልጅ ጊዜዋ ለሌላ ነገር ይፈለጋል። የሚያሳስበኝ በመካከል ያለው መተላለፊያ መጥበቡ ነው። ሙሌቱን፣ ሰንሰለቱን፣ የወርቅ ክሩን የሚያስተምር ባለሙያ ቢገኝ እንኳ የመስመሩን ስፌት ያልለመደ ተማሪ ከየት ይቀበለዋል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። በአርሲ ከተሞች ያሉ ትምህርት ቤቶችና የሙያ ማሠልጠኛዎች፣ በየሰፈሩ የተደራጁ ሴቶች፣ በየቤቱ ያሉ አክስቶችና እናቶች ይህቺን አንድ ስፌት ለልጆች ያስተምሩ፤ ለወንዶቹም ጭምር። ሽሮ ሜዳ ላይ በመኪና ከሚጠልፉት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ መርፌ የሴት ብቻ ነው የሚለው ወግ ገበያው ራሱ ካፈረሰው ቆይቷል። አንድ ቁራጭ አቡጀዲ፣ አንድ የስንዴ ዛላ፣ ጥቂት ከሰዓት በኋላዎች ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ጠላፊ ይሁን አይሁን የራሱ ምርጫ ነው፤ ቢያንስ የተሠራ ነገርን ዋጋ ያውቃል።

ገዢውም ድርሻ አለው። የእጅ ጥልፍ ቀሚስ ይዘን ስንከራከር የምንከራከረው ስለ ጨርቁ ዋጋ አይደለም፤ ጨርቁ ርካሽ ነው። የምንቀንሰው የሰው ሰዓት ነው። በመስመር ጥልፍ የተሠራ አንድ ክንድ ሐረግ ላይ መርፌዋ ከመቶ ጊዜ በላይ ገብታ ከመቶ ጊዜ በላይ ተመልሳለች፤ ይህን ያወቀ ሰው ዋጋውን ሲሰማ ያን ያህል አይደነግጥም። የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ የጠለፈውን ሰው ስም ለመጠየቅ ጊዜው አልፏል። የእኛን ቀሚስ የጠለፈው ሰው ግን በሕይወት አለ፤ ስሙንም ቢጠየቅ ይናገራል። ሻጩን እንጠይቀው፤ ነጋዴውም ስሙን በትንሽ ጨርቅ ላይ አስጠልፎ ከቀሚሱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያስሰፋው። ይህን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ገዢ ከጠየቀ፣ ከዚያም ሁለተኛው ከጠየቀ፣ ገበያው ይለምደዋል።